በቀኝ ነው በይው

«ባልሽን እግሩን ከእግሬ ላይ ያንሳ በይው» አሉ አባቷ።

ባልየው ማዶ ሰፈር ያለ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ፊታቸው፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ጆሮውን የሚይዙት ቦታ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን እንቁላል ያስነካል። ጠረጴዛዋ ባልና ሚስቱ ሲጋቡ ለሁለት ሰው ብለው የገዟት ናት፤ አሁን ሦስት ሰው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የአባትየውን ሬዲዮና የባልየውን ስልክ ተሸክማ ታቃስታለች። ባልየው ከሳህኑ ቀና ሳይል ለሚስቱ «የኔ እግር አይደለም በያቸው፤ የጠረጴዛው ነው» አላት። አባትየውም ግድግዳውን እያዩ «የጠረጴዛ እግር ካልሲ አያደርግም በይው» አሉ። ጎንበስ ብላ ብታይ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እግሩ የራሷ ነው። ቀስ ብላ ሰበሰበችው፤ ሁለቱም በየፊናቸው ያሸነፉ መስሏቸው ቁርሳቸውን ቀጠሉ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ማንኮራፋት ነው። አባትየው ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን አይሁኑ ተብሎ ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ የሚተኙት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው፤ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ደግሞ ግድግዳ ለማለት ያህል እንጂ ስስ ጣውላ ነው፤ ጉንፋን ቢይዝዎት ከወዲያ ማዶ ይማርዎት የሚባልበት። አንድ ቀን ባልየው እንቅልፍ እምቢ ሲለው ስልኩን አውጥቶ የአማቱን ማንኮራፋት ቀዳ። መቅዳቱስ ባልከፋ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ለሥራ ባልደረቦቹ አሰማው። አትክልተኛው፣ ጥበቃው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት አባትየው ሳህናቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ። ማን ይስማቸው! ባልየው እንኳ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ አንድ ሁለቴ ቃጥቶት ነበር፤ ግን አባትየው በስልክ ለዘመድ «ልጄ ከየት እንደለቀመችው እንጃ» ሲሉ በዚያው በስሱ ጣውላ በኩል ሰማቸውና እሱም በተራው አኮረፈ። ይኸው ወራት አለፉ፤ ቃል አልተለዋወጡም።

ሲያኮርፉ ታዲያ እነሱ ብቻ ቢያኮርፉ ምን ነበረበት? በመካከል ያለችው እሷ ነች የምትነደው። ስትነቃ በይው፣ ስትተኛ በያቸው። አባቷ «ያ ደንቆሮ መብራቱን ያጥፋ» ሲሉ እሷ «አባዬ እንቅልፍ መጥቶበታል» ብላ ታደርሳለች፤ ባሏ «ሬዲዮናቸውን አንድ ቀን በመስኮት ነው የምወረውረው» ሲል «ትንሽ ቀንስልኝ ይልሃል» ብላ ታደርሳለች። ምላሷ ላይ ስኳር እየነሰነሰች የሁለት ሰው ነገር ስታመላልስ የራሷን ነገር መናገር ረስታ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ግን፣ የገዛ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ስትሰበስብ፣ አንዳች ነገር ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ።

«ስሙኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል አላደርስም። አንተም፣ አባዬ አንተም። እግዜር አፍ ሰጥቷችኋል፤ ተነጋገሩበት።»

አባትየው ሬዲዮውን ጨመሩ። ባልየው ብርጭቆውን እየገፋ «ሻይ አለ?» አለ። ከሁለት አንዳቸውም አላመኗትም።

አስባበት አይደለም እንጂ ክፉ ቀን ነው የመረጠችው። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ቦታ፣ ከከተማው ጫፍ ያለው አዲሱ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ሜዳው የሚመረቀውም የዚያኑ ዕለት ነው። እሷ የፎጣና የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ትይዛለች፤ ሠራተኛው «ፎጣዋ» ይላታል። አባቷ ሣሩን ያያሉ፣ ጉድጓዶቹን ያጸዳሉ፣ ባንዲራዎቹን ይተክላሉ፤ «ባለ ባንዲራው» ይሏቸዋል። ባሏ ተጫዋቾችን በተራ የሚለቅ አስጀማሪ ነው፤ ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይጠፋ ስሙ «ፊሽካ» ሆኖ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ በዋዜማው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ሲያስጠነቅቅ ዓይኑን እነሱ ላይ ነበር የተከለው፦ «ነገ አንዲት ነገር ብትበላሽ፣ ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ቀጥረሃል ብሎ የሚያሳጣኝ ሞልቷል። ሦስታችሁንም በአንድ ቀን ነው የማሰናብታችሁ።» የሦስቱም እንጀራ በአንድ ገመድ ላይ ነው የተንጠለጠለው ማለት ነው።

ሜዳው ደግሞ እንደ ሌላው ሜዳ አይደለም፤ ተገላባጭ ነው። ባለቤቱ፣ በሲሚንቶ ንግድ የከበረና በስተርጅና ጎልፍ የለመደ ሰው ነው፤ አንድ መሬት ገዝቶ ሁለት ሜዳ ማግኘት አማረው። ስለዚህ አንድ ቀን በግራ ይዞራል፣ ሌላ ቀን በቀኝ። ትናንት የጨረሱበት ሣር ዛሬ የሚጀምሩበት ይሆናል፤ ያው ጉድጓድ ትናንት ከወዲህ፣ ዛሬ ከወዲያ ይመታል። በግራ ሲሆን መነሻው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ነው፣ ባንዲራው ነጭ ይሆናል፤ በቀኝ ሲሆን መነሻው የኋላ በር ጋ ነው፣ ባንዲራው ቀይ። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት። ማለዳ ባለ ባንዲራው ሣሩን አይተው የትኛው ጎን ይረፍ የትኛው ይረገጥ የሚለውን ይወስናሉ፣ ለአስጀማሪው ይነገራል፣ አስጀማሪው ሰዉን ይለቃል። በሙከራው ሳምንታት አንድም ስህተት አልተፈጠረም፤ በመካከል እሷ ነበረቻ። ምስኪኑ ሥራ አስኪያጅ ሁለቱ ሰዎች እንደማይነጋገሩ እንኳ አያውቅም። ሲያገኛቸው «የናንተ ቤተሰብ ቅንጅት!» እያለ ትከሻቸውን ይመታል።

ወደ ሥራ የሄዱት እንደ ወትሮው ነው፤ አባት ከፊት፣ ባል ከኋላ፣ እሷ መሃል። አውቶብስ ውስጥ አባትየው መስኮት ሥር፣ ባልየው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎኗ የተቀመጠችው አትክልተኛ ለእንግዶቹ የሚታደለውን ኳስ እያነሳች ታስቃታለች፦ «ዋጋውን ሰማሽ? አንዷ ፍሬ በአንድ ትሪ እንቁላል ሂሳብ ነው! መትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ከሚጥለው ጠብሶ ቢበላው ምን አለ?» እሷ ሳቀች፣ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። ቆርጣለሁ ብሎ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ቆርጦ መዋል ነው ጭንቁ።

የፎጣ ክፍሉ ከክለቡ ጀርባ ነው፤ ሳሙናና እርጥብ ጥጥ የሚሸት፣ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ያለው፣ በአንዲት መስኮት የመኪና ማቆሚያውን መነሻ የሚያይ። የማጠቢያ ማሽኑ ሲጨምቅ እየዘለለ ከቦታው ስለሚሸሽ እሷ ላዩ ላይ ቁጢጥ ብላ ካልተቀመጠችበት ሥራ አይጨርስም። አባቷ ሲገቡ በማሽኑ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል።

«ሌሊት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ በግራ ያለው መነሻ ፊት ለፊቱ ረግረግ ሆኗል። ባንዲራውን ሁሉ ቀይ አድርጌዋለሁ። በቀኝ ነው በይው።»

«ራ-ራ-ራስህ በ-በ-በለው» አለች፤ ማሽኑ እየናጣት።

«ምን?»

«አ-አላደርስም አላልኩም?»

አባትየው ትንሽ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን አወናጨፉና «በይው ብያለሁ፣ በይው!» ብለው ወጡ። ልጃቸውን ያውቋታላ! ስትቆጣ ትቆጣለች፣ ዞራ ግን ታደርሳለች። እሷም እውነቷን ለመናገር አደርስ ይሆናል ብላ እያመነታች ነበር፤ የሦስት ሰው ሥራ ነው። ማሽኑ እንደቆመ እጇን አደራርቃ ልትወጣ ስትል ባሏ ራሱ በሩን ገፍቶ ገባ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊሽካው ተወልውሎ ያበራል። ለባለቤቱ የሚሆን ነጭ ፎጣ አነሳና ሲወጣ ዞር ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አባትሽን ጫማቸውን ይጥረጉ በያቸው፤ እንግዳ ፊት በጭቃ ያዋርዱናል።» እስቲ አሁን ይህን ምን ይሉታል? ጠዋት የተናገረችው እንደ ዝንብ ጥዝዝታ ነው የተቆጠረው። ጥርሷን ነከሰች። እንዳትናገር ከንፈሯን በጣቶቿ ይዛ በመስኮቱ ታየው ጀመር።

ምረቃው በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ሪባኑ ቀድሞ በተዘረጋበት ሆነ። ባለ ሲሚንቶው አጭር ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ «ሜዳችን ሁለት ፊት አለው» ሲል ከኋላ የቆመው ጥበቃ «እንደ ባለቤቱ» አለና ሰው ሁሉ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሪባኑ ተቆረጠ። ባሏ ፊሽካውን ነፋና ባለ ሲሚንቶውን ከነተከታዮቹ፣ ከነሥራ አስኪያጁ፣ በግራ ለቀቃቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሲሰምጡ ፎጣዋ በመስኮቱ አየች። አንዱን ጫማ ለማውጣት ሦስት ሰው ሲረባረብ ባሏም አብሮ ገብቶ ያግዝ ነበር። አሁን ብሮጥ እደርስባቸዋለሁ አለች። ሮጣ ከበሩ ስትወጣ ግን ሥራ አስኪያጁ ያዘዛት ትንሿ የባትሪ መኪና ቀዝቃዛ ውሃና እርጥብ ፎጣ ተጭናባት ቆማለች፤ ነጂው «ነይ፣ መሃል ሜዳ ላይ ቶሎ ድረሱ ተብለናል» ብሎ አሳፍሯት ሽው።

በዚያው ሰዓት ሌላ ጉድ እየፈላ ነበር። ዋናው እንግዳ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ለዚያ ሁሉ ሣር ውሃ የሚፈቅዱት እሳቸው ስለሆኑ ባለ ሲሚንቶው ሲያያቸው ድምፁ እንኳ ይለሰልሳል። አርፍደው መጡና ሹፌራቸው በኋላ በር አስገባቸው። እዚያ ቆሞ የጠበቃቸው ማን ነው? ባለ ባንዲራው። «ከየት ነው የምንጀምረው አባት?» ቢሏቸው፣ በሙሉ ልብ «ከዚህ ነዋ፣ ዛሬ በቀኝ ነው» አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የገዛ ማሳቸውን እንደሚያስጎበኝ ሰው ፊት ፊት ይመሯቸው ጀመር።

መሃል ሜዳው ላይ ከፍ ያለ ጉብታ አለ፣ ከሥሩ በሁለት ተረተር መካከል አምስተኛው ባንዲራ። ከግራ የሚመጣም ከቀኝ የሚመጣም ጉድጓዱን አያየውም፤ ኳሱን በተረተሩ አናት አሻግሮ በግምት ነው የሚመታው። ፎጣዋ ጉብታው ላይ ጃንጥላ ሥር ቆማ ብርጭቆ ስትደረድር ቀና ብላ ወደ ግራ አየች። ባለ ሲሚንቶው ጭቃ ሱሪውን እየጎተተ ይመጣል፣ ከኋላው ባሏ። ወደ ቀኝ አየች። የውሃው ሰው ይመጣሉ፣ ከፊታቸው አባቷ። ክው አለች። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ወገን የምታይ እሷ ብቻ ነበረች። አሁንማ ኩራት የለ ምን የለ፣ እጇን እያወዛወዘች በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች፦ «በቀኝ ነው! ኧረ ዛሬ በቀኝ ነው!» ከግራ ያሉት የምትደግፋቸው መሰላቸውና አጨበጨቡ። ባለ ሲሚንቶው ባርኔጣውን አነሳላት። ከቀኝ የውሃው ሰው በደስታ እጃቸውን አውለበለቡ። ሁለቱም ዱላቸውን አነሱ፤ ሁለቱም መቱ።

የውሃው ሰው ኳስ ተረተሩን ተሻገረ፣ አንዴ ነጠረ፣ ተንከባለለና ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለ። የባለ ሲሚንቶው ኳስ ተከትሎ መጥቶ ሁሉንም አልፎ እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እሷ በዓይኗ አየች። ግን ፎጣ ያዥን ማን ይጠይቃል?

ቀድሞ ተረተሩን የወጣው ባለ ሲሚንቶው ነው። ወዲያ ፈለገ፣ ወዲህ ፈለገ፣ በመጨረሻ ጉድጓዱ ውስጥ ቢያይ ኳስ! ክለቡ ያደለው፣ የክለቡ ምልክት ያለበት። የሁሉም ኳስ አንድ ዓይነት መሆኑን ማን ያስታውስ? «በአንድ ምት! በአንድ ምት አስገባሁት!» ብሎ ሥራ አስኪያጁን ግንባሩን ሳመው፣ በጭቃ ጫማው ሣሩ ላይ እየዘለለ እስክስታ መታ ማለት ይቀላል። በሕይወቱ ኳስ ቀጥ ብሎ ሄዶለት የማያውቅ ሰው እንባው መጣ። ይሄኔ የውሃው ሰው በወዲያኛው ተረተር ብቅ አሉ። «እንዴ! ያ እኮ የኔ ኳስ ነው» አሉ። ባለ ሲሚንቶው ኳሱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «የእርስዎ? እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?» «እርስዎስ ከየት መጡ?» የሁለቱም ጆሮ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰለ። አንዱን ቢያስቀይም እንጀራው፣ ሌላውን ቢያስቀይም ውሃው። ዞሮ ዞሮ ዓይኑ በሁለቱ መሪዎች ላይ አረፈ፤ «ባለ ባንዲራውና ፊሽካ አይተዋል። እነሱ ይነጋገሩና አንድ ቃል ይስጡን፤ እኛ እንቀበላለን» አለ። ሁለቱም ጌቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለቱ ሰዎች ወደ ጉብታው ጥግ፣ ፎጣዋ ወደቆመችበት መጡ። በመካከላቸው እሷ፣ በእሷ እጅ የፎጣ ትሪ። አባትየው ሰማዩን እያዩ «የጌታው ኳስ የት እንደገባ ባልሽን ጠይቂው» አሉ። ባልየው ጫማውን እያየ «መጀመሪያ የእንግዳው የት እንደገባ አባትሽን ጠይቂያቸው» አለ።

«አልጠይቅም» አለች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አላት ባሏ።

«ይስማ! አባዬ፣ ራስህ ጠይቀው። አንተም ራስህ መልስላቸው። እኔ የያዝኩት ፎጣ ነው!» ድምፅዋ እስከ ታች ድረስ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ «አይነጋገሩም እንዴ?» ሲል አትክልተኛዋ «ካኮረፉ ስንት ጊዜያቸው!» አለችው።

ቆሙ። ከታች ባለ ሲሚንቶው በጭቃ ጫማው ሣሩን ይረግጣል፣ የውሃው ሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጨረሻ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ» አሉ።

«አቤት» አለ ባልየው።

«እኔ አላንኮራፋም።»

ባልየው ቀና አለ። መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋበት። «ያንኮራፋሉ» አለ ዝቅ ብሎ። «ግን ሰው ፊት ማሰማት አልነበረብኝም። ነውር ነው የሠራሁት። አፈርኩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማፈሬ ራሱ አናደደኝ።»

አባትየው ሣሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «በጣም ነው?» አሉ።

«መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።»

«እናቷም እንዲህ ትለኝ ነበር» አሉ። ትሪ የያዘችው ልጃቸው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ እናቷን ሲያነሱ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ባለ ባንዲራው ግን ፋታ አልሰጧትም፣ ወደ ባሏ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሺ፣ የማን ኳስ ነው?»

«የእንግዳው ነው። የእኛው ሰውዬ ኳስ እሾሁ ውስጥ ገብቷል፣ አይቼዋለሁ። ይህን ብናገር ግን ዛሬውኑ ያባርረኛል። በግራ የለቀቅኩትም እኔ ነኝ።»

«የጌታው ነው ብንል ደግሞ እንግዳው ውሃውን ይዘጋዋል፤ ሣሬ ይደርቃል» አሉ አባትየው። ሁለቱ ራሶች እንዲያ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ እሷ እንዳትረብሻቸው ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ አባትየው ባልየውን ትከሻውን ቸብ አድርገው ቁልቁል ወረዱ፤ እሱም ምን ሊሉ እንደሆነ ሳያውቅ ተከተላቸው።

«ጌቶቼ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ኳሱ የማናችሁም አይደለም። የኔ ነው። ጎህ ሲቀድ ጉድጓዱን ስሞክር ጥዬበት ረስቼው ሄድኩ። እርጅና ነው። አቅጣጫውንም ለልጁ በደንብ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ይኸው፣ ጤዛ አለበት» አለ ባልየው ኳሱን ከባለ ሲሚንቶው እጅ ተቀብሎ እያገላበጠ። እርጥበቱ የሰውየው የእጅ ላብ መሆኑን እያወቀ።

ሁለቱ ጌቶች ተያዩ። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም። ባለ ሲሚንቶው ነጋዴ ነውና ቶሎ ነቃ፤ «ይኸው እንግዲህ ክቡርነትዎ! አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ መጥተን እዚህ ተገናኘን። ሜዳችን በሁለት በኩል መሄዱን በተግባር አየነው!» ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ሰዉ አጨበጨበ። የውሃው ሰው ሳቁ። የሚሳቅበት ሲፈለግ ደግሞ ሽማግሌው አሉ። «ዝንጉ! ነገ ራስህንም ጉድጓድ ውስጥ ትረሳለህ!» አላቸው ሥራ አስኪያጁ፣ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው፣ አንተ እያለ። ሠራተኛው ተንከተከተ። ምግብ አብሳዩ እጁን ጆሮው ሥር አድርጎ የተኛ መስሎ ማንኮራፋት ሲጀምር ሳቁ ባሰ። አባትየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ፤ በሕይወታቸው አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ የሣር ቅጠል ረስተው የማያውቁ ሰው።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» አለ ባልየው። ፊሽካውን አልነፋም፣ ግን እንደ ፊሽካ ነው የተሰማው። ምግብ አብሳዩ ፊት ደረት ለደረት ቆሞ «አባቴ ናቸው። ሌላ ቀን እንዲህ ስታደርግ እንዳላይህ» አለው። ያ ሁሉ ሳቅ ኩምሽሽ አለ።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሦስቱ የፎጣ ክፍሉ ውስጥ ተገናኙ። አባትየው የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው ጭቃቸውን ይፍቃሉ፣ ባልየው ማሽኑን ተደግፏል። ሥራ አስኪያጁ ለአባትየው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሌላውን ትቶታል፤ ከሥራ የተሰናበተ የለም። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዷ ሲቃጠል ነው የዋለው። ፎጣ እያጠፈች፣ ሳታያቸው፣ እንዲህ አለች፦

«ጥፋቱ የኔ ነው። አባዬ በቀኝ ነው ብሎኝ ነበር፤ አልነገርኩህም። እልህ ይዞኝ ነው። ሁላችንንም ጎዳና ላይ ልጥል ነበር።»

አባትየው ጭቃ መፋቃቸውን ተዉ። «አለመንገርሽን አውቄያለሁ» አሉ። «ሪባኑ ሲቆረጥ ከቧንቧው ጋ ሆኜ አየው ነበር። በግራ ሊለቃቸው ሲል አንዴ ብጮህ ይሰማኝ ነበር። ዝም ብዬ ወደ ኋላ በር ሄድኩ። ይሳሳትና ልየው ብዬ።»

ባልየው አንገቱን አከከ። «እኔም…» አለ። «እኔም ባንዲራው ሁሉ ቀይ መሆኑን ማለዳ አይቼዋለሁ። በቀኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን ማንም አልነገረኝም፣ የእሳቸውን ባንዲራ አይቼ አልሄድም አልኩ።»

ፎጣውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሦስቱም ያውቁ ነበር! አንዱን ከሌላው ተራ በተራ አየቻቸው። «እና እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ እየከረረ፣ «እኔ ነኝ ቀኑን ሙሉ ስቃጠል የዋልኩት? ጉብታ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደማ የጮህኩት እኔ? ሥራ አስፈታኋቸው ብዬ ምሳ እንኳ አፌ ያልገባው እኔ?» እርጥቡን ፎጣ ባሏ ፊት ላይ ለጠፈችው። ሁለተኛው አባቷ ጉልበት ላይ አረፈ፤ በዕድሜዋ አባቷ ላይ ነገር ወርውራ አታውቅም። «ውጡልኝ! ሁለታችሁም ውጡልኝ!»

ወጡ። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። እንባዋ ይወርዳል፣ ሳቅ ደግሞ ከሥር እየገፋት ነው።

«ተቆጣች» አሉ አባቷ ከበሩ ወዲያ።

«በጣም» አለ ባሏ።

«ግባና አባብላት። ሚስትህ ናት።»

«እርስዎ ይግቡ እንጂ። ልጅዎ ናት፤ እኔን ፊቴን ነው ያለችኝ።»

«እኔንስ ጉልበቴን አላለችኝም? ደግሞ ቁጣዋ የእናቷ ነው፤ ስትቆጣ መጀመሪያ ማንም አይገባም፣ ትንሽ ይቆያል።»

«እናቷስ ምን ያህል ያቆዩዎት ነበር?»

«ኧረ ተወኝ! አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርህ…»

እጇ የበሩ መወርወሪያ ላይ ነበር፤ ልትከፍትላቸው ነበር። እጇን ቀስ ብላ መለሰችና ወንበር ስባ በሩ ሥር ተቀመጠች። ትንሽ ይቆዩ አለች።